በሰው አገር የተሰፋ ስም
ስለ ፓኪስታናውያን ማንነትና ምኞት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

ወንበር ያላገኛችሁ እዚህ ከፊት ጥቂት ቦታ አለ፤ ኑ፣ አትፈሩ።

ከአንዲት ጎሽ ልጀምር። በ2024 ኦገስት ወር ፓሪስ ላይ አርሻድ ናዲም የሚባል ፓኪስታናዊ ጦር ወርውሮ 92.97 ሜትር ላይ ተከለ። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆነለት። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።) ፓኪስታን ከዚያ በፊት ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ነበራት፤ ሦስቱንም ያመጣላት የሜዳ ሆኪ ቡድኗ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ወርቅ ሲያጠልቅላት አርሻድ የመጀመሪያው ነው። ሚያን ቻኑ ከምትባል የፑንጃብ ከተማ አጠገብ ካለ መንደር የወጣ የግንበኛ ልጅ ነው። ከውድድሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ለዓመታት ሲወረውራት የኖረችው ጦር እንዳረጀችበትና አዲስ እንዳጣ በአደባባይ ተናግሮ ነበር።

ወርቁን ይዞ ሲገባ ግን ስጦታ ጎረፈለት። ገንዘብ ተሰጠው። የፑንጃብ መስተዳድር መሪ ሰሌዳው ላይ 92.97 የሚል ቁጥር የተጻፈበት መኪና አስረከበችው። አማቱ ደግሞ ጎሽ ሰጡት። የእኛን የዱር ጎሽ እንዳታስቡ፤ እዚያ ጎሽ ከቤት የምትውል፣ እንደ ላም የምትታለብ፣ ወተቷም ከላም ወተት የወፈረ ከብት ናት። በመንደራችን ጎሽ መስጠት ትልቅ ክብር ነው ብለው አማትየው ለጋዜጠኞች አስረዱ። አርሻድ ቴሌቪዥን ላይ ይህንኑ ሲጠየቅ ለሚስቱ የነገራትን እየሳቀ አወራ፦ አባትሽ ከጎሹ ይልቅ አምስት ስድስት ኤከር መሬት ቢሰጡኝ ይሻል ነበር ብሏታል።

እኔ በዚህ ወሬ ስስቅ ቆይቼ አንድ ነገር ያዘኝ። ይህ ሰው መንደሩ ሲገባ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አማች ነው። የሚናገረው ፑንጃቢ ነው። ሰርግም ሐዘንም የሚቆጠርበት «ቢራደሪ» የሚሉት የዘመድ ማኅበር አለው። በመንደሩ ማንም ተነሥቶ «አንተ ፓኪስታናዊ» ብሎ አይጠራውም። ፓኪስታናዊ የሆነው ፓሪስ ላይ፣ ጨረቃና ኮከብ ያለበትን አረንጓዴ ባንዲራ ትከሻው ላይ ሲያደርግ ነው። የዛሬ ነገሬም ይኸው ነው፦ ፓኪስታናዊነት በአብዛኛው በሰው አገር ተሰፍቶ ወደ አገር ቤት የገባ ልብስ ነው። የት የት ላይ እንደጠበበና የት ላይ እንደተመቸ ላሳያችሁ።

ከስሙ እንነሣ። በ1933 ካምብሪጅ ይማር የነበረ ቾድሪ ራሕማት አሊ የሚባል ሰው አንዲት አነስተኛ ጽሑፍ አሳተመ። በእንግሊዞች ሥር በነበረችው ህንድ ሰሜን ምዕራብ ለሚኖሩት ሙስሊሞች የራሳቸው አገር ይሰጣቸው ይላል ጽሑፉ፤ ለአገሩም ስም አውጥቶለታል። ስሙን የገጣጠመው ከፊደል ነው፦ ከፑንጃብ፣ ያኔ አፍጋንያ ካላት የሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ከካሽሚርና ከሲንድ አንዳንድ ፊደል፤ ከባሉቺስታን መጨረሻውን። «ፓክ» በፋርስኛና በኡርዱ ንጹሕ ማለት ስለሆነ ስሙ «የንጹሐን ምድር» የሚልም ትርጉም ያዘ። ብልህ አሰያየም ነው፤ እንዲህ ወረቀት ላይ ተገጣጥሞ የወጣ የአገር ስም ብዙ አላውቅም።

በዚያ ስም ውስጥ ግን ለቤንጋል አንድ ፊደል አልደረሳትም። በ1947 ፓኪስታን ስትወለድ ደግሞ ከሕዝቧ ከግማሽ የሚበልጠው በምሥራቅ ቤንጋል ይኖር ነበር፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የህንድ መሬት ተጋድሟል። መሥራቹ መሐመድ አሊ ጂናህ ለንደን ሕግ የተማረ፣ አፉን በጉጅራቲ የፈታ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው ነበር፤ ኡርዱው እምብዛም ነው። ይህ ሰው በማርች 1948 ዳካ ሄዶ፣ ቤንጋሊ ለሚናገር ሕዝብ፣ በእንግሊዝኛ፣ የመንግሥታችሁ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ይሆናል አለ። እስቲ ደግማችሁ ስሙት፦ ጉጅራቲው ሰው ለቤንጋሊዎች ስለ ኡርዱ በእንግሊዝኛ ሲናገር። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ለቋንቋቸው ሰልፍ የወጡ የዳካ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ወደቁ። በ1971 ምሥራቁ ክፍል ከብዙ ደም በኋላ ባንግላዴሽ ሆነ። ዩኔስኮ በ1999 የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሰየመው፣ እኛም አገር በየዓመቱ የሚታሰበው ዕለት ያ ፌብሩዋሪ 21 ነው።

እዚህ ላይ ኡርዱን ጠላት አድርጌ እንዳላቆመው እሠጋለሁ። በ2023 ቆጠራ ፓኪስታን 241 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ኡርዱን አፉን የፈታበት ከመቶ 9 ገደማ ቢሆን ነው፤ ፑንጃቢ ግን ከመቶ 37 ይደርሳል። ሆኖም ፓሽቶ ተናጋሪው ሹፌር ከሲንዱ ነጋዴ ጋር ዋጋ የሚከራከረው በኡርዱ ነው። ድራማው፣ ግጥሙ፣ ዜናው በእሱ ነው። ሰው ወዶ ተቀብሎታል። በትእዛዝ ሲመጣ አገር የከፈለ ቋንቋ በገበያና በዘፈን በኩል ሲመጣ ማንም በሩን አልዘጋበትም። የሚገርመው ይልቅ የፑንጃቢ ነገር ነው። ብዙ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ሆኖ ሳለ የላሆር ባለደሞዝ ወላጅ ልጁን በኡርዱ ያነጋግራል፤ ፑንጃቢ የገጠር ነው ይላል። ሲቀልድና ሲናደድ ግን ከአፉ የሚወጣው ፑንጃቢ ነው።

በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ስለነበረው ክፍፍል ብዙ አልልም፤ እሱ ብቻውን የሌላ ምሽት ነገር ነው። ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ፣ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ የማያውቅ እንግሊዛዊ ጠበቃ አምስት ሳምንት ተሰጥቶት ድንበሩን አሰመረ። መስመሩ ለሕዝብ የተገለጸው በኦገስት 17 ነው፤ ፓኪስታን በዓሏን ካከበረች ከሦስት ቀን በኋላ ማለት ነው። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ስንቱ እንደሞተ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሳዳት ሐሰን ማንቶ «ቶባ ቴክ ሲንግ» በሚለው አጭር ልብ ወለዱ ሁለቱ መንግሥታት የአእምሮ ሕሙማንን በሃይማኖት እየለዩ ሲለዋወጡ ያሳያል። መንደሩ ከየትኛው ወገን እንደወደቀች የሚነግረው ያጣው በሽተኛ በሁለቱ ድንበሮች መካከል፣ ስም በሌለው መሬት ላይ ይወድቃል። ማንቶ ራሱ ከቦምቤይ ወደ ላሆር የተሰደደ ሰው ነበር።

አሁን ወደሚደላኝ ነገር ልምጣ። ፓኪስታንን ያለ መንግሥት ትእዛዝ ማየት የፈለገ ሰው መንገድ ዳር ይቁምና የጭነት መኪናዎቹን ይይ። ነገሩ የጀመረው ቤድፎርድ በሚባሉ የእንግሊዝ ሥሪት መኪናዎች ነው። ባለቤቱ መኪናውን እንደገዛ ለጭነት አያሰልፈውም፤ ራዋልፒንዲ ወይም ፔሻዋር ወይም ካራቺ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ያስገባዋል። እዚያ ለሳምንታት አናጺው፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ ሠዓሊውና ኤሌክትሪሺያኑ ይረባረቡበታል። ከጋቢናው በላይ «ታጅ» የሚሉት ዘውድ ይቆምለታል። ከፊት መከላከያው ሥር መንገዱን ሊነካ ምንም ያልቀረው የሰንሰለት ዘርፍ ይንጠለጠላል፤ መኪናው ሲሄድ ያቃጭላል። የሚያንጸባርቅ ላስቲክ በመቀስ ተቆራርጦ አበባና ዓሣ እየተደረገ ይለጠፋል። ሥዕሉ ነብር፣ ጣዎስ፣ የሴት ፊትና ክንፍ ያላት ቡራቅ የምትባል ፈረስ፣ የፊልም ተዋናይ፣ አንዳንዴም የሞተ ጄኔራል ነው። በሩ በእንጨት ቅርጽ የተፈለፈለ ከሆነ መኪናው ከስዋት ወይም ከፔሻዋር በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ ይነግራችኋል።

ከኋላ ደግሞ ጽሑፍ አለ። የታክሲ ጥቅስ እያነበበ ላደገ አድማጭ ይህን ማብራራት አያሻኝም። በጣም የተለመደችው፣ የእናት ጸሎት የገነት ነፋስ ናት የምትል ናት። ሌላዋ ደግሞ እይ፣ ግን በፍቅር እይ ትላለች፤ ቡዳ እንዳይበላው ነው መቼም! ሹፌሩ ከካራቺ ወደብ እስከ ቻይና ድንበር የሚነዳው ቤቱን ነው፤ በዓመት ውስጥ ከሚስቱ ይልቅ ከጋቢናው ጋር የሚያሳልፈው ቀን ይበዛል። ታዲያ ቤቱን ቢያስጌጥ ምን ይደንቃል?

ለረጅም ጊዜ የተማረው ከተሜ ይህን ሁሉ እንደ ሹፌር ጉራ ይንቀው ነበር። በ2002 ግን ሃይደር አሊ የተባለ የካራቺ ሠዓሊ ዋሽንግተን ተጠርቶ፣ በስሚዝሶኒያን የባህል ፌስቲቫል ላይ ሕዝብ እያየው አንድ መኪና ቀባ። ዛሬ ያው ሥዕል በኤምባሲ ግድግዳ፣ በሻይ ኩባያና በሀብታም ልጆች ጫማ ላይ «የፓኪስታን ባህል» ተብሎ ይሸጣል። ከመንገድ ዳር ተነሥቶ፣ ዋሽንግተን ደርሶ፣ ተመልሶ ሳሎን ገባ። መጀመሪያ ያልኳችሁ ልብስ እንዲህ ነው የሚሰፋው።

አንዳንዴ ግን ልብሱ ከባለቤቱ ላይ ይገፈፋል። አብዱስ ሰላም በ1926 የተወለደ፣ ጃንግ በምትባል የፑንጃብ ከተማ ያደገ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ የማትሪክ ፈተናን ታይቶ በማይታወቅ ውጤት አለፈ። ካምብሪጅ ተምሮ በ1951 ላሆር ለማስተማር ተመለሰ። አብሮት ፊዚክስ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ኮሌጁም ከማስተማር ሌላ ተጨማሪ ኃላፊነት ሲያስመርጠው የእግር ኳስ ክለቡን ወሰደ። በኋላ ኖቤል የሚሸለመው ሰው ከሰዓት በኋላ ሜዳ ዳር ቆሞ ተጫዋች ይቆጣጠር ነበር። በ1954 ተመልሶ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ያች ብቸኝነት ግን አልለቀቀችውም። በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስት ላይ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የድሃ አገር ተመራማሪ ጥቂት ወራት መጥቶ ከእኩዮቹ ጋር ይሥራ፣ ከዚያ አገሩ ይመለስ፤ በሥራውና በአገሩ መካከል ምረጥ አይባል። ከእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የሄዱ የፊዚክስ መምህራን እዚያ ቆይተው ተመልሰዋል። ስለዚህ አንድ የጃንግ ልጅ በላሆር የቀመሳት ብቸኝነት ለአዲስ አበባ ተማሪም ተርፋለች ማለት ነው።

ሰላም አሕመዲያ የሚባለው ወገን አባል ነበር። በ1974 የፓኪስታን ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ አሕመዲዎች ሙስሊም አይደሉም አለ። እሱም የመንግሥት የሳይንስ አማካሪነቱን ትቶ ወጣ። ዜግነቱን ግን አልቀየረም። በ1979 የኖቤል ሽልማቱን ስቶክሆልም ላይ ሲቀበል ጥቁር ሱፍ ከለበሱት መካከል እሱ ብቻ በነጭ ጥምጣም፣ በረጅም የፑንጃብ ኮትና ጫፉ ወደ ላይ በተቆለመመ ጫማ ቆመ። በ1996 ኦክስፎርድ ሞቶ አገሩ ፓኪስታን፣ ራብዋ ላይ ተቀበረ። የመቃብሩ ድንጋይ «የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ» ይል ነበር። «ሙስሊም» የምትለዋ ቃል ተፋቀች። የቀረው ጽሑፍ «የመጀመሪያው የኖቤል ተሸላሚ» ሆነ፤ በዓለም ላይ ከእሱ በፊት ማንም ኖቤል እንዳልተሸለመ ያህል። ሰውየውን ለማሳነስ የፋቁት እጆች ሳያስቡት አገነኑት።

ማን ነው ፓኪስታናዊ የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ እንዲህ መራራ አይደለም። በሲንድና በመክራን ጠረፍ ሺዲ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አባቶቻቸው በባርነት፣ በወታደርነትና በመርከበኛነት ከምሥራቅ አፍሪካ የተሻገሩ ናቸው፤ ከእኛ ቀንድ የተወሰዱም አሉባቸው። በዚያ አካባቢ «ሐብሺ» የሚለው ቃል ከእኛ ስም የመጣ ነው። ሲንዲና ባሉቺ ይናገራሉ። ካራቺ አጠገብ በማንጎ ፒር መካነ መቃብር ለአዞዎች ሥጋ እያቀረቡ ከበሮ የሚመቱበት በዓል አላቸው። ከእነሱ ወገን የሆነው የጦር መሪ ሆሹ ሺዲ በ1843 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ ወድቋል፤ ሲንዶች እስከ ዛሬ ጀግናችን ይሉታል። የደሙን ምንጭ ማንም አልጠየቀውም።

ወደ ምኞት ልለፍ። ፓኪስታን ውስጥ ምኞት ያለው ወጣት ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ ወይ ዕቃው ይሄዳል፣ ወይ ራሱ። ዕቃው ሲሄድ ማየት ከፈለጋችሁ ሲያልኮት ሂዱ። የአገሪቱ ባለ ራእይ የሚባለው ገጣሚ መሐመድ ኢቅባል የተወለደባት ከተማ ናት፤ በዓለም የሚታወቀው ግን ኳሷ ነው። በእጅ የሚሰፋው ኳስ 32 ቁራጭ አለው፤ 20 ባለ ስድስት ጎን፣ 12 ባለ አምስት ጎን። ሰፊው ኳሱን በጉልበቱ መካከል ይይዝና ሁለት መርፌ ከሁለት ወገን እያስገባ ክሩን በሁለት እጁ ዘርግቶ ያጠብቃል። ቀድሞ ሕፃናትም ይሰፉ ነበር፤ በ1997 አምራቾቹ ከዓለም የሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ተፈራርመው ልጆቹን ከሥራው ለማውጣት ተስማሙ። የ2014፣ የ2018 እና የ2022 የዓለም ዋንጫ ኳሶች ከዚያች ከተማ ወጥተዋል። የፓኪስታን ብሔራዊ ቡድን ግን ለዓለም ዋንጫ ደርሶ አያውቅም። ኳሷ ትሄዳለች፣ ልጆቹ በቴሌቪዥን ያዩዋታል። የከተማው ነጋዴዎች ደግሞ መንግሥት አየር ማረፊያ እስኪሠራላቸው መጠበቅ ታክቷቸው ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ሠሩ፤ በ2007 ተከፈተ። ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ያስቀናኝ ነገር የለም።

ራሱ የሚሄደው ይበዛል። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ገንዘብ ጀምሮ መንገዱ ወደ ባሕረ ሰላጤው ነው። «ዱባይ ቻሎ»፣ ወደ ዱባይ እንሂድ የሚል የፑንጃቢ ፊልም በ1979 ወጥቶ ስሙ የዘመን መጠሪያ ሆነ። በ2023 ብቻ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰው ለሥራ ተመዝግቦ ከአገር ወጥቷል። ሰው ሳይመዘገብ የሚወጣበትን መንገድ «ዱንኪ» ይሉታል። በዚያው ዓመት በጁን ግሪክ ባሕር ላይ የሰጠመችው አድሪያና የተባለች ጀልባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓኪስታናውያን ጭና ነበር። ይህን ለእናንተ መተረክ ሊያሳፍረኝ ይገባል፤ የባሕሩ ስም ይለያይ እንጂ ታሪኩን ሁላችሁም በየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሐዋላ የሚለውንም ቃል ከእነሱ ጋር እንጋራለን፤ እዚያ «ሁንዲ ሐዋላ» ሲሉ ከባንክ ውጭ የሚላከውን ነው። በባንክ በኩል የገባው ብቻ በ2025 በተዘጋው በጀት ዓመት ከ38 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ አገሪቱ ዕቃ ወደ ውጭ ልካ ካገኘችው ይበልጣል። ጨርቅና ኳስ የሚልከው ፋብሪካ ሁሉ ተደምሮ ዱባይ ታክሲ ከሚነዳውና ሪያድ ብሎኬት ከሚደረድረው ሰው ያንሳል ማለት ነው። ሚኒስትሮቹ ይህን ቁጥር ሲያነቡ በኩራት ነው። እኔ ብሆን ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ሚርፑር የምትባል ከተማ ናት። በ1960ዎቹ በጀለም ወንዝ ላይ የማንግላ ግድብ ተሠራ፤ በ1967 ተጠናቀቀ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከመንደሩ ተነሣ፤ የሚርፑር ከተማም ከውኃ በታች ሆነች። የሚርፑር ወንዶች ከዚያ በፊትም በእንግሊዝ መርከቦች ከሰል እየጨመሩ ባሕር ያቋርጡ ስለነበር መንገዱን ያውቁታል። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ወደ ብራድፎርድና ወደ በርሚንግሃም ሄዱ። በሱፍ ፋብሪካዎቹ እንግሊዞቹ የሸሹትን የሌሊት ፈረቃ ያዙ። አንዱ አልጋ ላይ ሁለት ሰው በፈረቃ ይተኛ ነበር፤ የሌሊቱ ሲነሣ የቀኑ ይገባል። ጥቂት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ነው ሐሳቡ። ሙሐመድ አንዋር የተባለ ተመራማሪ በ1979 ስለነሱ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ የመመለስ ተረት ብሎ ሰየመው። በ2021 ቆጠራ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ራሱን ፓኪስታናዊ ያለው ሰው ወደ 1.6 ሚሊዮን ይጠጋል።

ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚርፑርና የአካባቢው ተወላጅ እንደሆነ በሰፊው ይገመታል። ሚርፑር ያለችው ደግሞ አዛድ ካሽሚር ውስጥ ነው። ፓኪስታን ታስተዳድረዋለች እንጂ በሕገ መንግሥቷ ከክፍላተ ሀገሯ አንዱ አድርጋ አትቆጥረውም። የሚናገሩት ፓሃሪ ነው፤ ኡርዱን ብዙዎቹ የለመዱት ከትምህርት ቤትና ከቴሌቪዥን ነው። አገር ቤት ካሽሚሪ ነን ሲሉ የኖሩት ሰዎች ብራድፎርድ ላይ ቅጽ ቀረበላቸው፤ ከቅጹ ሳጥኖች የሚቀርባቸው «ፓኪስታናዊ» የሚለው ነበር፤ እሱ ላይ ምልክት አደረጉ። ልጆቻቸው ያንን ምልክት ይዘው አደጉ፤ በትምህርት ቤት ግቢ ተሰደቡበት፣ በክሪኬት ሜዳ ጨፈሩበት፣ አንዳንዶቹም ፓርላማ ገቡበት።

አዲሲቱ ሚርፑር ከእንግሊዝ በተላከ ገንዘብ የቆሙ ትልልቅ ቤቶች አሏት። ለመመለሻ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ተቆልፈው ዘበኛ ይጠብቃቸዋል። በደረቁ ወራት የግድቡ ውኃ ሲጎድል ደግሞ አሮጌዋ ሚርፑር ብቅ ትላለች። የሱፊ ቅዱሳን መካነ መቃብር፣ አንድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ የመቃብር ድንጋዮች ከጭቃው ይወጣሉ። ሰዎች በተሰነጠቀው መሬት ላይ ወርደው የአያቶቻቸውን መቃብር ያጸዳሉ፣ ጨርቅ ያለብሳሉ፣ ፋቲሓ ይቀራሉ። ዝናቡ ሲመጣ ውኃው ይመለሳል። በ2009 የግድቡን ቁመት በ9 ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው ስለጨረሱ አሁን ከቀድሞው የበለጠ መሬት ይሸፍናል፤ ያኔም እንደገና የተነሡ መንደሮች ነበሩ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ።